ፊደል መቁጠርና ፊደል መለየት

በአዲስ አበባ መዋዕለ ሕፃናት ከሚገኙት የማስተማሪያ መሣሪያዎች መካከል የፊደል ገበታን ያህል የተለመደ፣ የእርሱንም ያህል ከሂስ ያመለጠ የለም። ገበታው ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ መምህርቷ ታዜማለች፤ ሕፃናቱ ይቀበላሉ። ከሀ እስከ ፐ ሳይደናቀፍ የዘለቀ ልጅም ፊደል እንደ ለየ ተቆጥሮ ይመሰገናል። ይሁን እንጂ ፊደል መቁጠርና ፊደል መለየት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ገበታው በዚህ አኳኋን ሲሠራበት የሚያስገኘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ለገበታው የሚገባው ምስጋና አስቀድሞ ሊሰጠው ይገባል። 33ቱን ፊደላት በሰባት ዓምድ ደርድሮ 231 ምልክቶችን በአንድ ገጽ ያሳያል። ዓምዶቹን ከላይ ወደ ታች ለተመለከተ ሰው ሥርዓቱ ይገለጥለታል፤ በሉ፣ በቡና በሱ ላይ የካዕቡ ቅጥል በቀኝ ጎን ይታያል፤ የኃምሱም ቀለበት ከሌ፣ ከቤና ከሴ አይታጣም። እንደ ሩ እና ፉ ያሉት ከደንቡ የወጡ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ገበታው ጥሩ ማውጫ ነው። ጉድለቱ የሚጀምረው ማውጫው እንደ ትምህርት ቅደም ተከተል ሲወሰድ ነው።

አንደኛው ጉድለት ከመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይገኛል። በአማርኛ በ እና ባ፣ ለ እና ላ በድምፅ ሲለያዩ ሀ እና ሃ ግን አንድ ናቸው። እንግዲህ ሕፃኑ የግዕዝንና የራብዕን ልዩነት መማር በሚገባው ሰዓት የሚቀርብለት ልዩነቱ የማይሰማበት ረድፍ ነው። አንድ ረድፍ ተሻግሮም ሐ ያንኑ ድምፅ በሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። ልጁ ደንቡን ሳያውቅ ከደንቡ የወጣውን ይማራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ሳድስን ይመለከታል። ሳድስ በቃል ውስጥ አንዳንድ ጊዜ አጭር አናባቢ ይዞ፣ አንዳንድ ጊዜ ያለ አናባቢ ይነበባል። «ልብስ» በሚለው ቃል ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ሲሆኑ አናባቢ ይዞ የሚነበበው ል ብቻ ነው። ዜማው ግን ለሁሉም እኩል ድምፅ ስለሚሰጥ ይህን አያስተምርም። መጥበቅና መላላትም እንዲሁ ነው፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ጊዜን ያመለክታል። አማርኛ አፉን የፈታበት ልጅ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሊጠቀምበት የሚችለው ግን ቃል ሲያነብ እንጂ ፊደል ሲቆጥር አይደለም።

ሦስተኛው ጉድለት ቃል የሚዘገይ መሆኑ ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሕፃን የአካባቢውን ስም ሁልጊዜ ይሰማዋል። «ቂርቆስ» ከሦስት ረድፎች ብቻ፣ ከረ፣ ከሰ እና ከቀ፣ የተገኘ ቃል ነው። ልጁ በሳምንት አንድ ረድፍ ቢማር ቀ የሚደርሰው በዘጠነኛው ሳምንት ነው። «ካዛንቺስ»ን ለማንበብ የሚያስፈልገው ዘ ደግሞ 21ኛ ረድፍ ላይ ነው። ሕፃኑ የሠፈሩን ስም እስኪያነብ ድረስ ከትምህርት ዘመኑ እኩሌታ የሚበልጠው ያልፋል።

አንዳንዶች ገበታው የአባቶች ቅርስ ስለሆነ አይነካም ይላሉ። የአባቶች ትምህርት ግን በሀ ሁ አላበቃም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ልጁን ወደ ጎን ካስቆጠረው በኋላ ወደ ታች፣ ቀጥሎም ወደ ኋላ ያስቆጥረዋል። ከዚያም አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ በሚለው የአቡጊዳ ተራ ያስኬደዋል። በዚህ ተራ ፊደሉም አናባቢውም በየእርምጃው ስለሚለዋወጡ የሀ ሁ ዜማ አይረዳውም፤ ዓይን የግድ መሥራት አለበት። ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ ይመጣል፤ ልጁ ቃሉን ፊደል በፊደል ቆጥሮ ወደ ንባብ ይሻገራል። የሚነበበው ግዕዝ በመሆኑ ትርጉሙ ለሕፃኑ ሩቅ ነው፤ ይህም የዘዴው ድካም ነው። ሆኖም ዜማን በዓይን የመፈተኑ ጥበብ በውስጡ ነበረ። የመዋዕለ ሕፃናቱ አሠራር ዜማውን ወርሶ ፈተናውን ትቶታል።

ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34 ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የችግሩ ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ገና ከጅምሩ ቁጥርን እንደ ንባብ መቀበል ችግሩን ይሸፍነዋል።

መፍትሔው ገበታውን ማውረድ አይደለም፤ ሥራውን መለወጥ ነው። በ፣ ለ እና ተ አስቀድመው ቢሰጡ በ21 ምልክቶች ብቻ «በላ»፣ «ቤት»፣ «ልብ»፣ «ሌሊት» ይነበባሉ። ሞክሼዎቹ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ሊዘገዩ ይችላሉ። ፊደላቱም በካርድ ተጽፈው ያለ ተራ ሊጠየቁ ይገባል።

በ2017 ዓ.ም. የቀድሞው ካዛንቺስ አብዛኛው ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማው አካባቢዎች ተዛውረዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከማያውቀው ክፍል የገባን ሕፃን አዲሷ መምህርቱ በጥቂት ደቂቃ ልትመዝነው ትገደዳለች። ሀ ሁን እንዲያዜም ብትጠይቀው ያዜምላታል፤ እርሷም ያነባል ብላ ታልፈዋለች። አምስት ካርዶች አደበላልቃ ብታቀርብለት ግን የሚያውቀውንና የጎደለውን ታገኛለች።