ድንኳኑን የተከለው ሰው፦ ሦስት የጉዞ መጻሕፍት ከጎረቤላ ሲነበቡ

ስለ አንኮበር የተጻፉትን የድሮ የፈረንጅ የጉዞ መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ነው። እኔ የምፈልገው ሌላ ሰው ነው። እሳት የሚያነደውን፣ በቅሎ የሚጭነውን፣ ድንኳን የሚተክለውን እፈልጋለሁ። ያደግኩት ጎረቤላ ነው። ለጥቂት ዓመታት እንጀራዬን የበላሁትም በዚሁ ሥራ ነው፤ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣውን እንግዳ ተቀብዬ፣ ሻንጣውን በበቅሎ አስጭኜ፣ ድንኳኑን ተክዬ፣ ጭላዳ አሳይቼ መሸኘት። እንዲህ የኖረ ሰው መጽሐፍ ሲያነብ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጓዳው ነው፤ ምን ይደረግ!

ሦስቱ መጻሕፍት ዘመናቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው የሁለቱ ጀርመናውያን ሚስዮናውያን፣ የኢሰንበርግና የክራፕፍ የዕለት ማስታወሻ ነው፤ ለንደን ላይ በ1843 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ሁለተኛው የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ የነበረው የሻለቃ ሐሪስ ሦስት ቅጽ ነው። ሦስተኛው የሐኪሙ የቻርልስ ጆንስተን ሁለት ቅጽ ነው፤ የሐሪስም የጆንስተንም በ1844 ወጡ። ሦስቱም በታጁራ ገብተው፣ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጠው፣ አቀበቱን ወጥተው ሸዋ የደረሱ ናቸው።

ሐሪስን ቶሎ ልጨርሰው። በ1833 ዓ.ም. ወታደር፣ ሐኪም፣ የተፈጥሮ ተመራማሪና ሠዓሊ አስከትሎ፣ መድፍና ጠመንጃ ገጸ በረከት ይዞ መጣ፤ በ1834 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ካባ እንደ ለበሰ ነው። ጉሙ ዝም ብሎ ጉም አይሆንለትም፣ ገደሉም ገደል ብቻ አይሆንለትም። አብሮት የመጣው ሠዓሊ በርናትስ የሣላቸው ሥዕሎች ከጽሑፉ ይልቅ አገሩን ያሳያሉ ብል ማጋነን አይመስለኝም። ሐሪስ ስለ ሃይማኖታችን ሲጽፍ የሚያየው ሥርዓቱን ብቻ ነው፤ እሱንም በአብዛኛው ሊስቅበት። ሳቁ እኔን አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ያን ሁሉ ጓዝ አቀበቱን ያወጣው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ገጽ እንጂ ፊት የሌለው መሆኑ ነው።

የሚስዮናውያኑ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልቆይ።

ኢሰንበርግና ክራፕፍ ከትግራይ ተባርረው ነበር፤ በ1838 (እ.ኤ.አ.) አድዋን እንዲለቁ ተደረገ። ሸዋ የደረሱት በቀጣዩ ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1831 ዓ.ም. ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲገባ ነው። ኢሰንበርግ ጥቂት ወራት ቆይቶ ተመለሰ። ክራፕፍ እስከ 1834 ዓ.ም. መጋቢት ብቻውን ቀረ። ማስታወሻቸው ደረቅ ነው፤ ሐሪስን አንብቦ ለመጣ ሰው ግን ድርቀቱ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ዛሬ ማን መጣ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን መለስንለት። ካህናቱ ስለ ሦስት ልደትና ስለ ሁለት ልደት ይከራከራሉ። ክራፕፍ ስለ ጾም፣ ስለ ቅዱሳን ምልጃ ይከራከራል። የአማርኛና የግእዝ መጽሐፍ ያድላል። ንጉሡ ደግሞ መድኃኒትና ጠመንጃ፣ እጀ ብልኅ ሰው ይፈልጋል፤ ሰባኪ እምብዛም አልጠፋበትም፣ የራሱ ሞልተውታል።

አሁን አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በ1831 ዓ.ም. ጰራቅሊጦስ የዋለው በግንቦት አጋማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች የሸዋን ምድር ሲረግጡ አገሩ የሰኔን ጾም፣ ጾመ ሐዋርያትን ይዟል። የተቀበላቸው፣ ጓዛቸውን ያወረደላቸው፣ ውኃ የቀዳላቸው ክርስቲያን ሁሉ ጿሚ ነበር ማለት ነው። ማስታወሻውን ይህን ይዤ ሳነበው ሌላ መጽሐፍ ሆነብኝ። ክራፕፍ ጾምን የሚያገኘው በክርክር ውስጥ ነው፤ እንደ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ፣ ጥቅስ ተጠቅሶ እንደሚረታ ነገር። እኔ ጾምን የማውቀው በሥራ ውስጥ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዐቢይ ጾም፣ ከሌላ ከተማ የመጡ ወጣቶች መንፈሳዊ ካምፕ አድርገው አምስት ቀን ሰነበቱ። ቀን ገደል በገመድ መውጣትና የእግር ጉዞ፣ ማታ እሳት ዙሪያ መዝሙርና ትምህርት። ጥሩ ልጆች ነበሩ፤ ዕቃ ያነሣሉ፣ አመሰግናለሁ ይላሉ። ከእኛ ጋር ወጥ የምትሠራው እትዬ የምንላት ሴት ነበረች። ለእንግዶቹ ጥብሱንም እንቁላሉንም የምትሠራው እሷ ናት፤ እሷ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፣ ከዘጠኝ በኋላም የፍስክ አይነካትም። እንግዲህ ሥጋውን ሳይቀምሱ ጨው እንዴት ይለካል? ከልጆቹ አንዷን ትጠራለች። «ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ቅመሽልኝ። በቃ? ይጨመር?» ልጅቱ ትቀምሳለች፣ እትዬ ፊቷን አይታ ጨው ትጨምራለች ወይም ትተዋለች። አምስቱንም ቀን እንዲህ ነበር። በአራተኛው ማታ መሪያቸው ሲያስተምር ጾም ልብ ከሌለበት ልማድ ብቻ ነው አለ። እትዬ ድስት እያጠበች ትሰማለች። ምንም አላለችም። ለነገሩ እሱም ቢሆን ክፉ አስቦ አልነበረም፤ የተናገረውም በራሱ መንገድ ሐሰት አይደለም፣ ነቢያቱም ብለውታል። ግን ያንን ሲናገር ከጀርባው ዐሥር ክንድ ርቀት ላይ ልብ ያለበት ጾም ድስት ያጥብ ነበር።

ክራፕፍን ሳነብ የማየው ያንን መሪ ነው። ለክራፕፍ ፍትሐዊ ልሁን፤ ሰውየው ሰነፍ ወይም ምቾት ፈላጊ አልነበረም። ብርዱን፣ ትኋኑን፣ ብቸኝነቱን ችሎ ኖሯል። ሸዋን ለቆ ሲወጣ ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ ያለውን ሁሉ ዘርፎት፣ በሰው ምጽዋት እየኖረ በእግሩ ምጽዋ ደርሷል። ትችቱም ቢሆን ባዶ አይደለም። የማይገባንን ግእዝ በቃላችን ደግመን የምንሄድ ሰዎች መሆናችንን ከእሱ በፊትም በኋላም የራሳችን ሊቃውንት ተናግረዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ክራፕፍ እምነትን የሚፈልገው በአፍ ውስጥ ነው። ሰው ምን ያምናል ብሎ ሲጠይቅ የሚጠብቀው መልስ ቃል ነው። መልሱ አንዳንዴ በእጅ ይሰጣል፣ እጅ ደግሞ ለማስታወሻ ደብተር አይመችም።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ይህን መጽሐፍ እንዳልጥለው የሚያደርገኝ። ክራፕፍ አንኮበር ሳለ ኦሮምኛ ተምሮ የዮሐንስን ወንጌል ለመተርጎም ጀመረ። ትርጉሙ ሲታተም በላቲን የተጻፈው ርዕሱ ሥራውን ደካማ ሙከራ ይለዋል፤ ከዚያም በርኪ የተባለ የኦሮሞ ተወላጅ እንደ ረዳ በስሙ ጠርቶ ይጽፋል። ቦታውንም የሸዋ መንግሥት ዋና ከተማ አንኮበር ብሎ። የዛሬ ሰዎች የረዳንን ሰው ስም በመጽሐፋችን መጨረሻ ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል ካስገባን ትልቅ ነገር ያደረግን ይመስለናል። ክራፕፍ ግን ርዕሱ ላይ አስቀመጠው።

ታዲያ ያው ክራፕፍ በ1832 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ፣ በበጋው፣ ንጉሡ ወደ ኦሮሞ አገር ሲዘምት ተከትሎ ወጥቷል። አገሩን ማየት፣ ወንዙንና ተራራውን መመዝገብ ፈልጎ ነው። በንጉሡ ሰፈር አድሮ፣ ንጋት ላይ የሚቃጠለውን መንደር አይቷል። የመንደሩ ሰዎች የሚናገሩት በርኪ ወንጌሉን የሚገለብጥበትን ቋንቋ ነው። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው ገደል ከእኛ ከጎረቤላ በላይ ካለው ገደል ይጠልቃል፤ ማስታወሻው ግን ገደሉን እንደ ድልድይ ይሻገረዋል። አዘነ፣ ተከዘ፣ ከዚያ የወንዝ ስም መዘገበ። በርኪ በዚያ ሰሞን የት ነበር? እንደ ሐያሲ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ርዕሱ ላይ የተጠራ ሰው ታሪኩ ውስጥ እንዲናገር መጠበቅ ብዙ መጠየቅ አይመስለኝም።

የጆንስተን መጽሐፍ ከሁለቱ ይለያል፤ የሚለየው ጸሐፊው የተሻለ ሰው ስለሆነ አይደለም። ጆንስተን የራሱ ትዕቢት ሞልቶታል፤ ስለ ሕዝቦች አመጣጥ የሚዘረጋውን መላ ምት መዝለል ይቻላል፣ እኔ ዘልዬዋለሁ። ከሐሪስ መልእክተኞች ጋርም አልተስማማም። ግን ሰውየው ታመመ። በ1842 (እ.ኤ.አ.) መጥቶ ከእኛ በታች በምሥራቅ በኩል ባለችው በአልዩ አምባ ተቀመጠ፣ ንዳድ ያዘውና ወደቀ። የታመመ ሰው ክርክር አያሸንፍም። ተኝቶ ቤቱን ያያል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ እንጀራው እንዴት ይጋገራል፣ ጠላውና ጠጁ እንዴት ይጠመቃል። ዋልደርሄሮስ ብሎ የሚጽፈው አሽከሩ ከገጽ ወደ ገጽ አብሮት ይሄዳል፤ ያስታምመዋል፣ ይላላክለታል። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነው ፊት ያለው ሠራተኛ ያገኘሁት። የሚገርመው፣ ሃይማኖት ሊያስተምር ያልመጣው ሐኪም ስለ ሰዎች እምነት ከሰባኪው የበለጠ አሳየኝ፤ ሳያስበው፣ ስለ ዳቦና ስለ ጌሾ ሲጽፍ።

አልዩ አምባ የእስላምና የክርስቲያን ገበያ ናት፣ ዛሬም። ከእኛ ጋር በቅሎ የሚነዱት ብዙዎቹ ከዚያ የሚወጡ ሙስሊሞች ነበሩ። የፍስክ ቀን ሲሆን ሠራተኛው ለሁለት ይከፈላል፤ የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ ለየቅል፣ ቢላውም ድስቱም ለየብቻ። ረቡዕና ዓርብ ግን ሽሮ ነው፣ ሽሮ ደግሞ ባራኪ የለውም። ሁላችንም አንድ ትሪ ከበን እንበላለን። የጾም ቀን ነው እንግዲህ አንድ ላይ የሚያስቀምጠን። ይህን ለእንግዶች ስነግራቸው ፎቶ ማንሳት ይፈልጋሉ። ክራፕፍ ቢሰማው ምን ይል እንደነበር ባስበው ደስ ይለኛል፤ ምናልባት ጥቅስ ይፈልግለት ነበር፣ ወይም ትንሽ ዝም ይል ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጦርነቱ እንግዳውን አስቀርቶታል። ድንኳኖቹ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ አይጥ እንዳይበላቸው በየጊዜው አውጥተን እናናፍሳቸዋለን። እኔም ለማንበብ ጊዜ ያገኘሁት በዚህ ምክንያት ነው፣ ባላገኘሁት ይሻለኝ ነበር።

እነዚህን መጻሕፍት ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምሰጠው የጆንስተንን የአልዩ አምባ ምዕራፎች ነው። ከሐሪስ የበርናትስን ሥዕሎች ብቻ እወስዳለሁ። የሚስዮናውያኑን ማስታወሻ ደግሞ ሙሉውን፣ ምንም ሳይቀነስ፣ ክርክሩንም ጭምር፤ ነገር ግን በኅዳጉ ላይ የእኛ ባሕረ ሐሳብ ይግባበት። ከእያንዳንዱ ቀን ጎን ያ ቀን ጾም ይሁን ፍስክ፣ የየትኛው ታቦት በዓል እንደሆነ ይጻፍ። ክራፕፍ ከአንድ ካህን ጋር ስለ ጾም ሲከራከር፣ አንባቢው ዓይኑን ትንሽ ወደ ጎን መልሶ ዕለቱ ዓርብ መሆኑን፣ ሰዓቱም ገና ዘጠኝ አለመሙላቱን፣ ካህኑ የሚመልሰው ባዶ ሆዱን መሆኑን ይይ። በርኪንም በሽፋኑ ላይ፣ ከክራፕፍ ስም ጎን፣ በእኩል ፊደል።