ሳይቸግር ጤፍ ብድር፦ ስለ ፕለጊን አመራረጥና አያያዝ አጭር ሂስ

ሂስ ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው የመጽሐፍ ወይም የቲያትር ሂስ ነው። ዛሬ ግን በየትምህርት ቤቱ ሥራ ላይ እየዋለ ስላለና ብዙም ሳንተቸው ስላለፍነው አንድ መሣሪያ አስተያየት ለመስጠት እንወዳለን። ይኸውም ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የሚጫነው፣ በተለምዶ ፕለጊን የሚባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ነው።

እንደሚታወቀው ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ የቀረበ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ፕለጊን መቀበል የጀመረው በ2004 ነው። የሐሳቡ መሠረት መልካም ነው። ዋናው ፕሮግራም ቀላል ሆኖ ይቆያል፤ ፎቶግራፍ ለመደርደር፣ ቅጽ ለማስሞላት ወይም መጠባበቂያ ቅጂ ለማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገውን ብቻ መርጦ ይጨምራል። በዎርድፕረስ መዝገብ ውስጥ 60,000 ገደማ ነጻ ፕለጊኖች ተደርድረዋል። ገንዘብ ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ጸጋ መሆኑን መካድ አይቻልም። ለተማሪም ትምህርት አለው። ከዎርድፕረስ ጋር አብሮ ሲወርድ የኖረው «ሄሎ ዶሊ» ሉዊስ አርምስትሮንግ ያዜመውን ዘፈን ስንኞች እያፈራረቀ በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ ከማሳየት በቀር ሥራ የለውም፤ ይሁን እንጂ ኮዱ አጭር ስለሆነ ፕለጊን ከዋናው ፕሮግራም ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ለክፍል ጥሩ ማሳያ ነው።

ታዲያ ሂሳችን ምን ላይ ነው? ፕለጊን በሚመረጥበት መንገድ ላይ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፕለጊን የተሰጠው ኮከብ፣ የተጫነባቸው ድረ ገጾች ብዛትና መጨረሻ የተሻሻለበት ጊዜ ይታያል። መራጩም ኮከቡንና ብዛቱን አይቶ «ይህን ያህል ሰው ካመነው እኔስ ለምን አላምነውም?» ይላል። እነዚህ ቁጥሮች ግን የሚናገሩት ስላለፈው ነው፤ ፕለጊኑ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ አይናገሩም። ፕለጊን አንድ ጊዜ ሥራ ከጀመረ ዋናው ፕሮግራም የሚችለውን ሁሉ ለማድረግ ይችላል። የመረጃ ቋቱን ያነባል፣ ጽሑፍ ያወጣል፣ አዲስ አስተዳዳሪም ሊፈጥር ይችላል። በመካከላቸው አጥር የለም። ስለዚህ ፕለጊን መጫን ለማያውቁት ሰው የቤት ቁልፍ እንደ መስጠት ያህል ነው።

ሁለት ምሳሌዎችን እንጥቀስ። «ዲስፕሌይ ዊጄትስ» የተባለው ፕለጊን 200,000 በሚያህሉ ድረ ገጾች ላይ ተጭኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የቀድሞው ሠሪ ለሌላ ሸጠው። አዲሱ ባለቤት ማሻሻያ ብሎ በላከው ኮድ ውስጥ በሰው ድረ ገጽ ላይ የራሱን ማስታወቂያ የሚያወጣ ክፍል ሸሸገበት። ማስታወቂያው ለጎብኚ ሲታይ፣ በይለፍ ቃሉ ለገባው አስተዳዳሪ ግን አይታይም ነበር። ፕለጊኑ አራት ጊዜ ከመዝገቡ ተነሥቶ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ለመጨረሻ ጊዜ ተወገደ። ሆኖም ከመዝገብ መውጣቱ ቀድሞ ከተጫነባቸው ድረ ገጾች አያስወጣውም።

ሁለተኛው ከ700,000 በላይ በሆኑ ድረ ገጾች ላይ የነበረው «ፋይል ማናጀር» ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 በተገኘበት ቀዳዳ አማካይነት የይለፍ ቃል የሌለው ሰው የፈለገውን ፋይል በሰርቨሩ ላይ አስገብቶ ለማሠራት ይችል ነበር። ማረሚያው ወዲያው ወጣ፤ የተጠቀመበት ግን ፈጥኖ ያሻሻለው ነው። የሚያሳዝነው ብዙዎቹ የሰርቨር አከራዮች የፋይል ማስተዳደሪያ አስቀድመው የሚያዘጋጁ መሆናቸው ነው። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ይህን ነው።

አስተዋይ ተማሪ ከዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ ያያል። በሁለተኛው ምሳሌ ማሻሻያው አዳነ፤ በመጀመሪያው ግን ጉዳቱን ያመጣው ራሱ ማሻሻያው ነው። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2020 ፕለጊኖች በራሳቸው እንዲሻሻሉ የሚያደርግ ምርጫ ጨምሯል። መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ማሻሻያውን ማን ላከው ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። በእኛ አስተያየት ማሻሻልን መተው አይገባም፤ የታወቀ ቀዳዳ ሳይደፈን መቅረቱ የባሰ ነውና። መፍትሔው የፕለጊኖቹን ቁጥር አንድ ሰው በቅርብ ሊከታተለው በሚችለው መጠን መወሰን ነው። የአምስት ፕለጊን ባለቤቶችን ሁኔታ መከታተል ይቻላል፤ ሠላሳውን ለመከታተል ጊዜ ያለው መምህር ግን አይገኝም።

ይህን የምንለው ከራሳችን ስሕተት ተነሥተን ነው። በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ድረ ገጽ ላይ 23 ፕለጊኖች ነበሩ። የጎብኚ መቁጠሪያው ብቻ ሁለት፣ የፎቶግራፍ ማሳያው ሦስት ነበር። እጩ መምህራን የተግባር ልምምድ ምደባቸውን በሚጠባበቁበት ሳምንት አንዱ ፕለጊን ተሻሽሎ ከሌላው ጋር ተጋጨና ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። የጫነው ባልደረባ ሥራ ለቅቆ ሄዷል፤ ለምን እንደተጫነ የሚያውቅም አልተገኘም። መጠባበቂያ ቅጂም አልነበረም። ዝርዝሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ከሩቅ ያሉት ልጆች ስማቸውን ለማየት ብቻ የአውቶቡስ ገንዘብ ከፍለው መጡ። አንዲት እጩ መምህርት ስትደርስ የተመደበችበት ቦታ ለሌላ ተሰጥቶ ጠበቃት። ጥፋቱ የፕለጊኑ ሠሪ አልነበረም፤ የእኛ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከዚያ ወዲህ የምንሠራው በሰባት ፕለጊኖች ብቻ ነው። አንደኛ፣ ከመጫናችን በፊት ሥራው በዎርድፕረስ በራሱ ይሠራ እንደሆነ እንጠይቃለን። ሁለተኛ፣ ከኮከቡ ይልቅ የማሻሻያውን ታሪክና ሠሪው ለተጠቃሚዎች የሚሰጠውን መልስ እናነባለን፤ ባለቤቱ ተለውጦ እንደሆነም እንመረምራለን። ሦስተኛ፣ ከማሻሻል በፊት ቅጂ እናስቀምጣለን። አራተኛ፣ የማያስፈልገውን ፈጽሞ እንሰርዛለን፤ እንዲያው ሥራ እንዲያቆም ብቻ ቢደረግ ፋይሉ በሰርቨሩ ላይ ስለሚኖር ቀዳዳውም አብሮ ሊኖር ይችላል። አምስተኛ፣ የእያንዳንዱን ስም፣ የተጫነበትን ቀንና ምክንያት በደብተር እንጽፋለን፤ ኃላፊው ሲለወጥ ደብተሩን በፊርማ ያስረክባል።

የመዝገቡ አዘጋጆችም የባለቤት ለውጥን ከኮከቡ እኩል በጉልህ ቢያሳዩ መልካም ነበር። እስከዚያው ግን በየኮምፒውተር ክበቡ ያላችሁ ተማሪዎች የትምህርት ቤታችሁን ድረ ገጽ ከሚያስተዳድረው መምህር ጋር ተቀምጣችሁ እያንዳንዱ ፕለጊን ለምን እንደተጫነ ጠይቁ። መልስ የሌለው ካገኛችሁ ደብተሩን ከእርሱ ጀምሩ።