ስለ ቤንዚንና ስለ አልኮል ቅልቅል አጭር ሒስ

የመካኒሳ ስም ሲነሣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ የሚታወሰው የአልኮል ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ማለት ከሞላሰስ፣ አልኮል ሲያወጣ የኖረው በተለይ ለመጠጥ ነው። ያው ሞላሰስ በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሞተር ነዳጅ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ከመቶ አምስት እጅ፣ በ2011 ደግሞ ከመቶ ዐሥር እጅ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ተሸጠ።

ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነቀፌታችን በመለኪያው ላይ ነው። ስንት የውጭ ምንዛሪ ዳነ? ሲባል ብዙ ሰምተናል፤ ሞተሩስ ምን ሆነ? ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

እስቲ ነገሩን ከሲሊንደሩ ውስጥ እንመልከተው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ አልኮል ግን ኦክሲጅን በራሱ ስለ ያዘ 9 ኪሎ ይበቃዋል። በአንጻሩ አንድ ሊትር አልኮል የሚሰጠው ሙቀት የቤንዚኑን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ያበዛል፤ ጭሱም ይጠቁራል። እንዲህ ላለው መኪና አልኮሉ መድኃኒት ነው። መካኒክ አስቀድሞ ለደጋው አየር ነዳጁን የቀነሰለት ካርቡራተር ግን ቅልቅሉ ሲገባበት ነዳጅ ያንሰዋል፤ በጠዋት ብርድም አልነሣም ይላል። ስለዚህ «ተሻለኝ» ያለውም «ጎዳኝ» ያለውም እውነት ሊናገር ይችላል። ኦክሲጅን የሚለካ መሣሪያ ያለው ሞተር ብቻ ልኩን ራሱ ያስተካክላል።

አልኮል ሞተሩን ሳያንኳኳ ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን የመቻል ጠባይ አለው። በብራዚል እ.ኤ.አ. በ1979 በአልኮል ብቻ የሚሄደው ፊያት 147 ሲወጣ፣ ኮምፕሬሽኑ ከፍ ተደርጎ ይህ ጠባይ ሥራ ላይ ዋለ። እኛ ግን ነዳጁን ለወጥን እንጂ ሞተሩን አልነካነውም። በደጋ ቀጭኑ አየር ራሱ ማንኳኳትን ስለሚቀንስ፣ ያልተነካ ሞተር ከዚህ የሚያገኘው ትርፍ እጅግ ትንሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ቤንዚን የሚያቃጥሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ቢከለከልም፣ በመንገድ ላይ ያሉት ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። እንግዲህ ቅልቅል በታሰበ ቁጥር፣ የካርቡራተሩንና የእሳቱን ልክ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ለጋራዦች አብሮ ይውጣ። ይህን በዚሁ በደጋችን አየር ለክቶ ማዘጋጀት የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው፤ በባሕር ጠረፍ የተለካ ቁጥር ለእንጦጦ ዳገት አይሆንምና።