ዝገት ወይስ ኦክሳይድ፣ ምሕንድስና ወይስ ቅኝት?

ንብርብር ኦክሳይዶችን «ድርብርብ ዝገት»፣ ማግኔታዊና ኤሌክትሮናዊ ባሕርያቸውን መለወጥንም «ምሕንድስና» ብሎ መተርጎም ለቃሉ ቢቀርብም ከሐሳቡ ይርቃል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሚያስተምርባቸው በደሴና በኮምቦልቻ ዝገት ሲባል ቆርቆሮን የሚበላው ጉዳት ነው፤ ከኦክሳይዶች አንዱ እንጂ የሁሉም መጠሪያ አይደለም። ላንታነም፣ መዳብና ኦክስጅን በንብርብር የተዋቀሩበት ቁስ አልዛገም። በንጹሕነቱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የጎረቤታሞች መዳቦች ማግኔታዊ አቅጣጫም ተቃራኒ ነው። ከላንታነሙ ጥቂቱ በባሪየም ሲተካ ግን ይህ ሥርዓት ይፈርሳል፤ ቤድኖርዝና ሙለር እ.ኤ.አ. በ1986 በከፈቱት መንገድ እንደታወቀውም፣ ቁሱ ከ30 ኬልቪን ግድም በታች ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች መሰናክል ያስተላልፋል።

ስለሆነም ለተግባሩ «መቃኘት» የሚለውን እንመርጣለን። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም የሆኑበት የወሎ ምድር ነገሩን ያውቀዋል፤ ክራሩ ያው ሆኖ የክሮቹ ውጥረት ጥቂት ሲለወጥ ዜማው ሌላ ይሆናል። «ቅኝት» የጦር አሰሳንም ቢጠራ፣ «ባሕርይን መቃኘት» ሲባል አያሻማም። «ኦክሳይድ» ግን እንዳለ ይቆይ፤ የአገር ቃል ፍቺውን ከሚስት፣ የውሰቱ ቃል ቢጸና ይሻላል።