ትንሽ ሞተር በትልቅ መስመር ላይ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ባለ ሱቅ ውስጥ ብረት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስዘረጋው የብየዳውን መስመር ነው፤ ወፍራም ገመድና ባለ 32 አምፔር ብሬከር። ቆይቶ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ያለው ግራይንደር ይገዛና «ወንድሜ፣ መስመሩ እንደሆነ ጠንካራ ነው፤ እዚያው ላይ አገናኝልኝ» ይለኛል። እሺ የማልለው ለዚህ ነው።

ብሬከሩ የተቀመጠው ወፍራሙን ገመድ እንዲጠብቅ ነው፤ ሞተሩን አያውቀውም። ይህ ሞተር በ220 ቮልት ሲሠራ 3 አምፔር ገደማ ይስባል። ብረቱ ድንጋዩና ማስደገፊያው መካከል ተቀርቅሮ ሞተሩን ቢያቆመው ግን 15፣ 18 አምፔር ይደርሳል። ለ32ቱ ብሬከር ይህ ምንም ስላልሆነ የሞተሩ ጥቅል እስኪጨስ ዝም ይላል። ጥቅሉ ተቃጥሎ በከፊል ቢገናኝ ደግሞ ይብሳል፤ ብሬከሩ 46 አምፔር ተሸክሞ ሳይቆርጥ እስከ አንድ ሰዓት እንዲቆይ የብሬከር ደረጃው ራሱ ይፈቅድለታል። የግራይንደሩ ቀጭን ገመድ እስከዚያ አይቆይም። ከጣሪያው በላይ ደግሞ ቤተሰብ ይኖራል፤ ልጆች ይተኛሉ። ሥራው የሚያስጨንቀኝ በዚህ ነው።

ስለዚህ ዋናውን አጥፍቼ፣ መጥፋቱን በቴስተር አረጋግጬ፣ በዚያው በወፍራሙ ገመድ እስከ ትንሽ ሳጥን ድረስ እስባለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ባለ 6 አምፔር ብሬከር፣ ኮንታክተርና ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብ የሚያስቆርጥ ኦቨርሎድ ይገባሉ። ገመድ ማቅጠን የሚቻለው ከትንሹ ብሬከር በኋላ ብቻ ነው። አረንጓዴና ቢጫው የአርዝ ሽቦ ከሞተሩ አካል ተነሥቶ ምንም ሳይቋረጥ አርዙ ድረስ ይሄዳል፤ ከኒውትራል ጋር አላገናኘውም።

ኦቨርሎዱ የተሠራው ለሦስት ፌዝ ነው። ይህ ሞተር ግን ባለ አንድ ፌዝ ስለሆነ፣ ፌዙን በሁለቱ በሮች አዙሬ ኒውትራሉን በሦስተኛው አሳልፋለሁ። አንዱ በር ባዶ ከቀረ ፌዝ የጎደለ መስሎት ያለ ምክንያት ይቆርጣል፤ ያኔ ባለቤቱ ይሰለችና ያስነቅለዋል። መጠኑን የምሞላው ሞተሩ ላይ በተለጠፈው አምፔር ልክ ነው።

ኮንታክተሩን «ትርፍ ወጪ» የሚሉት አሉ። እዚህ ከተማ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ማብሪያው እንደበራ የተረሳ ግራይንደር መብራት ሲመጣ በራሱ ይነሣል፤ ያን ጊዜ የሠራተኛው እጅ የት እንዳለ ማን ያውቃል? በኮንታክተር ከሆነ ቁልፉ እንደገና ካልተጫነ አይነሣም።

ሥራውን ሳስረክብ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ኦቨርሎዱ ማታ ማታ የሚቆርጥ ከሆነ መጠኑን ከፍ አታድርጉት፤ መጀመሪያ ቮልቱን አስለኩ። መብራቱ ደክሞ ወደ 180 ቮልት ሲወርድ፣ ያንኑ ብረት ለመሞረድ ሞተሩ የበለጠ አምፔር ይስባል።