ጊታሪስቱ ምን እየሰማ ነበር?

ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው በስልክ ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። "እሺ… ኧረ ተው… መቼ?" የምትሰሙት ግማሹን ብቻ ነው። ግን የሚስቀውም፣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገውም፣ ዝም የሚለውም በወዲያኛው ጫፍ ባለው ሰው ምክንያት ነው። የዚህን ሰው ንግግር ቀድታችሁ፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለውን በኋላ በሌላ ሰው ብትተኩት ምን ይሆናል? እኔ ባለፈው ክረምት ይህንኑ በአንድ ጊታሪስት ላይ አደረግሁት። ስሙ ሪአምፒንግ ይባላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ሙሉ መሣሪያ አይደለም። ፒካፑ የሚያወጣው ደካማ ሲግናል አምፕ ውስጥ ገብቶ፣ በስፒከር ወጥቶ፣ ክፍሉን ሞልቶ ነው የምናውቀው ድምፅ የሚሆነው። በሪአምፒንግ ግን ጊታሩን በዲአይ በኩል በቀጥታ ወደ ሳውንድ ካርድ ታስገባላችሁ። የሚቀዳው አምፕ ያልነካው ደረቅ ድምፅ ነው። ከቀናት ወይም ከወራት በኋላ ያንን ቅጂ ከኮምፒውተሩ ወደ አምፕ ትልካላችሁ፣ ስፒከሩ ፊት ማይክ ታቆማላችሁ፣ እንደገና ትቀዳላችሁ። መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ከሳውንድ ካርዱ የሚወጣው ሲግናል ለጊታር አምፕ በጣም ጠንካራ ነው፤ ኢምፒዳንሱም ከጊታር ያንሳል። ሳጥኗ መጠኑን ታወርዳለች፣ ኢምፒዳንሱን ከፍ ታደርጋለች፣ በትራንስፎርመሯ ደግሞ ከመብራት መስመር የሚመጣውን የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ትቀንሳለች።

ሪአምፕ የተባለችውን ሳጥን የሠራው ከጆ ሳትሪያኒ ጋር ብዙ የደከመው የድምፅ መሐንዲስ ጆን ኩኒበርቲ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ። ሐሳቡ ግን ከሳጥኗ ይቀድማል። የሎስ አንጀለስና የለንደን ስቱዲዮዎች ከዚያ አሥርት ዓመታት በፊት የተቀዳ ድምፅ ባዶ ክፍል ውስጥ በስፒከር ያጫውቱና ማሚቶውን በማይክ መልሰው ይቀዱ ነበር። ስለዚህ "ሪአምፒንግ ማጭበርበር ነው" የሚለውን ክርክር አልቀበለውም።

ለእኔ ዓይነቱ ሰው እንዲያውም በረከት ነው። ቀን ሶፍትዌር እጽፋለሁ፤ ማታ የኮንዶሚኒየም መኝታ ቤቴ ስቱዲዮ ይሆናል። ግድግዳው ስስ ነው፣ ከወዲያ በኩል አራስ አለች። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አምፕ እያስጮሁ መልካም ጎረቤት መሆን አይቻልም። ደረቁን ማታ ቀድቶ አምፑን እሁድ ቀን ለአንድ ሰዓት መክፈት ግን ይቻላል። ከሥራዬ የወረስኩት እምነትም አለ፦ ውሳኔን አዘግይ፣ ጥሬ ዳታ አትንካ። ደረቁ ቅጂ ለእኔ ሶርስ ኮድ ነበር፣ አምፑ ደግሞ ሴቲንግ። ሴቲንግ በፈለግከው ሰዓት ይቀየራል። የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው።

ጊታሪስቱ ለብዙ ዓመታት በሆቴል ባንዶች ውስጥ የተጫወቱ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። በትዝታ ቅኝት አንድ ዜማ ሊጫወቱልኝ መጡ። ድምፁ ዘግይቶ ጆሯቸው ውስጥ እንዳይገባ ብዬ በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የአምፕ ፕሮግራም አጠፋሁና በሄድፎን ደረቁን ብቻ አሰማኋቸው። "አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሽቦ ነው" አሉ። ግን ተጫወቱ፤ ጥሩ አድርገው ተጫወቱ። ከሳምንት በኋላ አምፕ ተውሼ፣ ዲስቶርሽን ጨመር አድርጌ ሪአምፕ አደረግሁት። ለእኔ ጆሮ አሪፍ ነበር። ጠርቼ አሰማኋቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙና "ይሄን ድምፅ እየሰማሁ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልመታም ነበር" አሉ። ቡናቸውን ጨርሰው ሲነሱ ደግሞ "ስሜን እንዳትጽፍበት" አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። አንዲት ኖታ አልነካሁም። ኤዲት የለ፣ ቆርጦ መቀጠል የለ። ግትርነት መሰለኝ። ማታ ፋይሉን ከፈትኩና ሁለቱን ቅጂዎች ሐረግ በሐረግ አስተያየኋቸው።

ነገሩ ግልጽ ብሎ የሚሰማው በየሐረጉ መጨረሻ ላይ ነው። ጋሼ ማረፊያዋን ኖታ ማንጠልጠል ይፈልጋሉ። ደረቅ ጊታር ላይ ግን ኖታ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ሦስት አራት ጊዜ፣ እያለሰለሱ ይደግሟታል። ደረቁ ቅጂ ላይ ይህ ያምራል፤ ክራር የሚደረድር ሰው ይመስላል። ዲስቶርሽን ደግሞ የጠንካራውን ምት ጫፍ ይቆርጣል፣ ደካማውን ወደ ላይ ያመጣል፣ ኖታውን ያስረዝማል። ገና ባልሞተው ኖታ ላይ ሌላ ምት ይወርድበታል። በጣት ጫፍ የተነካችው አራተኛዋ ምት ከመጀመሪያዋ እኩል ትጮሃለች። ልመና የነበረው ጭቅጭቅ ሆኖ ወጣ። ኖታዎቹ ሁሉ የእሳቸው ናቸው፤ ንግግሩ ግን የእሳቸው አልነበረም።

ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ኢንጂነሪንግ ስማር ኮንትሮል ሲስተም የሚባል ኮርስ ወስጃለሁ፤ ዋናው ትምህርቱ የሚወጣው ውጤት ተመልሶ የሚገባውን ይቀይራል የሚል ነው። ጣት ይመታል፣ ጆሮ ይሰማል፣ ጣት ያስተካክላል። አምፑ ሲጮህ ደግሞ ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ራሱ ክሩን መልሶ ያርገበግበዋል፤ ኖታ ሳይመታ የሚዘፍነው በዚህ ነው። በሪአምፒንግ ጊዜ ክሩ ክፍሉ ውስጥ የለም፣ የሚርገበገብ ነገር የለም። ደረቁ ቅጂ ጥሬ ዳታ አይደለም ማለት ነው። ለሆነ ድምፅ የተሰጠ መልስ ነው። እኔ መልሱን አስቀርቼ ጥያቄውን ቀየርኩት።

አይቤክስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 በራስ ሆቴል አዳራሽ የቀዳውን የመሣሪያ ሙዚቃ ከዚያ ወዲህ በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው። የሰላም ስዩም ጊታር ቦታ ሲለቅ፣ ሲመለስ፣ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ሲጠብቅ ይሰማል። የድሮው ይሻላል እያልኩ አይደለም። ግን እዚያ ቅጂ ላይ እጁን ከድምፁ ለይቼ ልሰማው አልችልም። ከቤት ስቱዲዮ የሚወጡ ብዙ የዘንድሮ ሥራዎች ላይ፣ የእኔንም ጨምሮ፣ እችላለሁ። ጊታሩ ግዙፍ ሆኖ እጁ ፈሪ ነው፤ ወይም ድምፁ ለስላሳ ሆኖ እጁ ይታገላል። ሰው ይህን "ነፍስ የለውም" ይለዋል። እኔ ከነፍስ በፊት አንድ ተራ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ሲጫወት ምን እየሰማ ነበር?

ስለ መዘግየት ያቀረብኩት ሰበብም ስንፍና ነበር። በ48 ኪሎኸርዝ በፈሩ 512 ሳምፕል ከሆነ በአንድ አቅጣጫ 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ ከአምፑ ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ርቆ እንደ መቆም ነው። ወደ 64 ሲወርድ 1.3 ሚሊሰከንድ ነው። ከባባዶቹን ፕሮግራሞች ዘግቼ ቁጥሯን መቀየር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ያላደረግሁት፣ ጋሼ የሚሰሙት ነገር ጊዜያዊ ነው፣ ዋናው ድምፅ እኔ ጋ በኋላ ይሠራል ብዬ ስላሰብኩ ነው። ኮምፒውተሩ የእኔ ስለሆነ ድምፁም የእኔ መሰለኝ። ሪአምፒንግን የምተቸው በዚህ ነው፤ ተጫዋቹ ቤቱ ከገባ በኋላ ውሳኔውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ፊት ለተቀመጠው ሰው ይተውለታል።

በመስከረም ጋሼን ለምኜ መለስኳቸው። በፈሩን ዝቅ አደረግሁ፣ የአምፑን ድምፅ በሄድፎን አስገባሁና ቁልፎቹን ለእሳቸው ሰጠሁ። ከእኔ ምርጫ ዲስቶርሽኑን በግማሽ ቀነሱት። ደረቁንም ጎን ለጎን ቀዳሁ፤ እሁድ ሪአምፕ ያደረግሁት እሳቸው የሰሙትን ድምፅ እየተከተልኩ ነው። አሁን ማረፊያዋን ኖታ አንድ ጊዜ ብቻ ይመቷታል፣ ከዚያ እጃቸውን ያነሳሉ። ስትሞት ይጠብቃሉ።

ስማቸውን ጻፍኩ። አስፈቅጄ።