ኦቴሎ በኮንትራባስ

ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1957 የሼክስፒርን ገጸ ባሕርያት ወደ ጃዝ ሲያመጣ ታሪካቸውን ለመተረክ አልደከመም፤ የያዘው አነጋገራቸውን ነበር። «ሰች ስዊት ተንደር» በተሰኘው ሥራው ሶኔት ብሎ የሰየማቸው አራት ክፍሎች አሉ። የእያንዳንዳቸው ዜማ 14 ሐረግ፣ እያንዳንዱ ሐረግ 10 ኖታ አለው፤ የሼክስፒር ሶኔትም 14 ስንኝ፣ በየስንኙ 10 ቀለም ነው። ኦቴሎን የሚያስሰውን ሶኔት ለኮንትራባስ ሰጠው። ኦቴሎን የሚያሳስተውን ኢያጎን ከማክቤዝ ጠንቋዮች ጋር በአንድ ክፍል ሲያገናኝ ለጠንቋዮቹ ሦስት ትሮምቦን፣ ለኢያጎ ባሪቶን ሳክስፎን መደበ። ያ ሳክስፎን አይጮኽም፤ ያባብላል። ኢያጎን እያጉረጠረጠ ለሚጫወት ተዋናይ ከዚህ የተሻለ ምክር ማግኘት ይከብዳል።

ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ የመለሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ቆጣሪ ነበር። በስሙ የሚጠራው «የጸጋዬ ቤት» 16 ቀለም አለው፤ 8 ብሎ ያርፋል፣ 8 ብሎ ይደመድማል። 12 ቀለም ካለው ወል ቤት ይረዝማልና ትንፋሽ ይፈትናል።

ጣጣው ያለው እረፍቱ ላይ ነው። ልምድ የሌለው ተዋናይ ስምንተኛው ቀለም ላይ በደረሰ ቁጥር ይቆማል፤ ንግግሩ የሰልፍ ግጥም ይሆናል። ዘንገና ሐይቅ ዳር፣ ማይክሮፎን በሌለበት ሜዳ፣ ወጣቶችን የሚያለማምድ አዘጋጅ ይህችን ለልምምድ የተበጀች ስንኝ ሊሰጣቸው ይችላል፦

ጠላቴን ስፈልግ ሳድን፣ ራሴን ቤቴ አገኘሁት።

መጀመሪያ በጭብጨባ 8 እና 8 ይበሉት። ከዚያ ጭብጨባው ሳይቋረጥ ተዋናዩ «ሳድን» ላይ ሳይቆም ይለፍና «ራሴን» ብሎ ይቁም። ቆጠራው እንዳለ ነው፤ ሰውዬው ግን የተናገረው አሁን ገና የገባው ይመስላል። የጃዝ ሶሎ ተጫዋችም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ከበሮው ምቱን ይጠብቃል፣ ነፊው ሐረጉን ያዘገያል። ምቱ ከጠፋ ግን መዘግየቱም አይሰማም፤ ስለዚህ መቁጠር ያልለመደ ተዋናይ በነፃነት ልጫወት ቢል መንተባተብ ብቻ ነው።

ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ሲመጣ አብሮት የነበረው ሙላቱ አስታጥቄ፣ የአምስት ድምፅ ቅኝቶችን በጃዝ ሃርመኒ ላይ የማስኬድ ሥራውን ከጀመረ ዓመታት አልፈውት ነበር። ከእነዚህ ቅኝቶች አንዱ የሆነው አንቺሆዬ በቪብራፎን ሲመታ የሚፈጥረው ጭንቀት ለኢያጎ ሹክሹክታ የተሰፋ ነው ማለት ይቻላል። ኦቴሎን በአማርኛ ለሚያዘጋጅም፣ ማሲንቆን ለዴዝዴሞና ሞት ከማስቀመጥ፣ መሐረቡ ከእጇ የወደቀ ጊዜ ቢገባ ይሻላል፤ ያኔ ተመልካቹ ያውቃል፣ ኦቴሎ ገና አያውቅም።